የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በዋሽንግተን ግዛት የፓስፊክ ዳርቻ፣ ሬዘር ክላም የሚባለውን ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ለሚቆፍሩ ሰዎች የወጣ ደንብ አለ። አንድ ሰው በቀን 15 መውሰድ ይችላል። ይህ ብቻ ቢሆን የሚያስገርም ነገር የለውም፤ ለመዝናናት ዓሣ የሚጠመድበት፣ ዛጎል የሚለቀምበት አገር ሁሉ ጣሪያ ያበጃል። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ አሥራ አምስቱ መጀመሪያ የወጡት አሥራ አምስት መሆን አለባቸው። ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ደህና ሆነ የተፈረከሰ፣ ከአሸዋ የወጣ ሁሉ ይቆጠራል። መርጦ መያዝ፣ ያልወደዱትን መልሶ መቅበር ክልክል ነው።

መምረጥ ብልህነት ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ደንብ የተገለበጠ ይመስላል። ትንሿን ልቀቅ፣ ትልቋን ያዝ ማለት ነበር የሚቀለው። ደንቡ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ቆፋሪው ጉልበቱን አሸዋ ላይ አንበርክኮ የሚሠራውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ገደማ ባሉት ወራት በዚያ ዳርቻ ባሕሩ ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸው በምሽት ነው። ሰዉ ፋኖስ ይዞ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሶ ውኃው ጥሎት በሄደው እርጥብ አሸዋ ላይ ይሰማራል። የሚፈልገው ሳንቲም የሚያህል ስርጉድ ምልክት ነው። ክላሙ ከታች ሆኖ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲተነፍስ ቆይቶ ድንገት ሲሰበስበው አሸዋው ላይ ያቺ ምልክት ትቀራለች። ቆፋሪው ጠባብና ረጅም ምላስ ያላትን አካፋ ከምልክቷ በባሕሩ በኩል ፈንጠር አድርጎ ይሰካል፤ አሸዋውን ይከፍታል፤ ከዚያ አካፋውን ጥሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰዳል። ክላሙ ወደ ጎን አይሸሽም፤ እግሩን ወደ ታች እየሰደደ ይሰምጣል እንጂ። ዛጎሉ ቡናማ ወርቅማ፣ አንጸባራቂ፣ እንደ ስሙም ጠርዙ ምላጭ ነው፤ ግን ስስ ነው። አካፋው አንድ ጣት ያህል ከተጠጋበት ይሰነጠቃል። አንገቱ ተቆርጦ እጅ ላይ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ፈተናው እዚህ ላይ ይመጣል። በቆፋሪው እጅ ላይ አሸዋ የገባበት፣ የተፈረከሰ ክላም አለ። ለማጽዳት አድካሚ ነው፤ ለጓደኛ አያሳዩትም። ጉድጓዱ እግሩ ሥር ክፍት ነው። ጨለማ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ዳርቻው ላይ ቢኖርም ሁሉም በየጉድጓዱ ላይ አጎንብሷል። ክላሙን ጣል አድርጎ በተረከዙ አሸዋ ቢመልስበት የሚቀጥለው ማዕበል ያስተካክለዋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ቢቆጥር የሚቆጥረው በባልዲው ውስጥ ያለውን ነው።

የዚህ ሰው ክርክር ቀላል አይደለም። ክላሙ ሞቷል፤ ባልዲ ውስጥ ገባ አሸዋ ውስጥ ቀረ፣ ለባሕሩ ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም አሸዋ ውስጥ ቢቀር ሸርጣንና የባሕር ወፍ ይበላዋል። ይህን ክርክር በዚያ በአንድ ክላም ላይ ቆመው ካዩት መልስ ያጣል። መልሱ ያለው ወደፊት ነው፤ አሥራ ስድስተኛው ክላም ላይ። የተሰበረውን ያልቆጠረ ሰው መቆፈሩን ይቀጥላል፤ አምስት ቢሰብር አምስት ሌላ ያወጣል፤ ቤቱ ሲገባ ባልዲው 15 ይላል፣ ዳርቻው ግን 20 ጎድሎበታል። ትንሿን መልሶ የሚቀብረውም ከዚህ አይሻልም፤ አንዴ የወጣ ክላም ስስ ዛጎሉ ሳይጎዳ ተመልሶ በራሱ የመቀበር ዕድሉ አነስተኛ ነው። ደንቡ ስለ ባልዲው የወጣ አይደለም። የሚቆጥረው እጅ የገደለውን ነው።

ለመዝናናት ስለሚደረግ ዓሣ ማጥመድና ዛጎል ለቀማ «ዘላቂ» የሚባለው ነገር ሁሉ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከዚህች ነጥብ ይጀምራል። ሰው የወሰደውን መቁጠር ይወዳል። ባሕሩ የሚያውቀው ግን የጎደለበትን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው አያውቁም፤ የየደንቡ ጥበብ የሚለካውም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ምን ያህል እንዳጠበበ ነው።

ፍትሕስ? ለጀማሪ ይከብዳል ይባል ይሆናል። እጁ የለመደ ሰው 15 ደህና፣ የሰባ ክላም ይዞ ሲሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አካፋ የያዘው ግማሹን ፍርክስካሽ ይዞ ይገባል፤ ሕጉ ለሁለቱም ያው ነው። አላዋቂነት እንደ ማመካኛ አይቆጠርም። በእኛ ዘንድ ለንስሐ የሚቀርብ ምእመን በማወቅ ብቻ ሳይሆን ባለማወቅም የሠራውን አስቦ ይናዘዛል፤ ያላወቀው በደል ከበደል ስለማይወጣ። የዋሽንግተን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይህን አስቦ እንዳልጻፈው ግልጽ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ከዚያው ወንዝ የተቀዳ ይመስላል፦ ጉዳቱ እንጂ የጎጂው ልብ አይመዘንም።

አልዶ ሊዮፖልድ የተባለው አሜሪካዊ የደን ባለሙያ፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ (በኋላ ከሚመጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ አዳኝ የሚያጨበጭብለትም የሚያወግዘውም ተመልካች እንደሌለው ጽፏል። ኳስ ተጫዋች ሲያጭበረብር ሜዳ ሙሉ ሰው ያየዋል፤ ዳኛ አለ። ጫካ የገባ ሰው ዳኛው ራሱ ነው። የክላሙ ዳርቻ ይህን ሐሳብ ትንሽ ያጣምመዋል። ተመልካቹ ሞልቷል፤ የማይታየው ድርጊቱ ነው። ስለዚህ ሕጉ ማስገደድ እንደማይችል እያወቀ የወጣ ሕግ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ቆፋሪው ምክንያቱ ገብቶት ሲቀበለው ብቻ ነው። የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ የጾምና የምግብ ሕጎችን ሳይቀር በልቡና ብርሃን አቅርቦ ከፈጣሪ የመጡ ናቸው ወይስ ከሰው ብሎ ይመረምራል። የአሥራ አምስቱ ሕግ ከሰው እንደመጣ ማንም አይጠራጠርም፤ ከዚያ ምርመራ ፊት ቢቀርብ ግን አንገቱን የሚደፋ አይመስልም።

በዚያው ዳርቻ ሰው ሳይከራከር የሚታዘዘው ሌላ እገዳ አለ። በ1991 ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ በዋሽንግተን ክላሞች ውስጥ ተገኘ። መርዙን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ የባሕር ደቂቅ ዕፅዋት ናቸው፤ ክላሙ እነሱን አጣርቶ ሲበላ በሥጋው ያከማቸዋል፤ ሬዘር ክላም ደግሞ ለወራት አይለቀውም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በካናዳ ሰዎች ያንኑ መርዝ በያዘ ሌላ ዛጎል ተመርዘው ሞተዋል፤ ከተረፉትም የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የክላሙ ሥጋ ሳይመረመር ዳርቻው አይከፈትም፤ ከ2002 እስከ 2003 ያለው ወቅት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አልፏል። ሲዘጋ የሚያጉረመርም ይኖራል፤ ሰርቆ የሚቆፍር ግን ብርቅ ነው። ለራስ ሲፈሩ ሕግ ማክበር እንዴት እንደሚቀል ያሳያል።

ከአሸዋው ወደ ውኃው ሲገቡ ቁጥሩ ይወሳሰባል። ክላም ከወጣ ወጣ ነው። ዓሣ ግን ይለቀቃል፤ ጅራቱን አማትቶ ጥልቁ ውስጥ ይሰወራል፤ አጥማጁም እጁን ታጥቦ ምንም እንዳልወሰደ ይሰማዋል። ይዞ መልቀቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ አጥማጆች ዘንድ የጨዋነት ምልክት ሆነ። ፎቶ ተነሥቶ የለቀቀ ሰው ከበላው ሰው የተሻለ ነው የሚል ስሜት ሰፈነ።

በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ስለተለቀቁ ዓሦች ሞት የተሠሩ 274 ግምቶችን ሰብስቦ አማካዩን 18 በመቶ ላይ አገኘው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ምንም ያልሞተበት አለ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞተበትም አለ። ወሳኞቹ ነገሮች መንጠቆው የገባበት ቦታ፣ የውኃው ሙቀት፣ ዓሣው የወጣበት ጥልቀትና ከውኃ ውጭ የቆየበት ጊዜ ናቸው። አጥማጁ ሞቱን አያይም። ዓሣው ዋኝቶ ሄዶ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ታች ይሞታል።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረው የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ስትራይፕድ ባስ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት ትልቅ ዓሣ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ገባሮች ይራባል፤ ፖቶማክ ወንዝም አንዱ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖረው ቁጥሩ ብዙ የሆነ ኢትዮጵያዊ በየዕለቱ በድልድይ የሚሻገረው ያ ውኃ ማለት ነው። ዓሣው ክፉኛ ሲመናመን ሜሪላንድ ከ1985 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ማጥመዱን ጨርሳ አገደች፤ በ1995 አገገመ ተባለ። ከዚያ ዳግመኛ አሽቆለቆለ። ምክንያቱ ሲመረመር የተገኘው አሳፋሪ ነገር ነበር፦ የዳርቻው ግዛቶች አንድ የተለቀቀ ስትራይፕድ ባስ የመሞት ዕድሉ 9 በመቶ ነው ብለው ያሰላሉ፤ ይህ ትንሽ ይመስላል፤ የሚለቀቀው ዓሣ ብዛት ግን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በ2017 ከተለቀቁ በኋላ የሞቱት፣ የመዝናኛ አጥማጆች ይዘው ከሄዱት ቁጥር በለጡ። ደግነቱ ከመብላቱ የበለጠ ገደለ።

መፍትሔ ተብለው የመጡት እርምጃዎች ትንንሽ ናቸው፤ ትንሽነታቸው ግን ሊያታልል አይገባም። ከ2021 ጀምሮ በዳርቻው ሁሉ ሥጋ ወይም ዓሣ ሰክቶ ስትራይፕድ ባስ የሚያጠምድ ሰው ክብ መንጠቆ መጠቀም ግዴታው ሆነ። የዚህ መንጠቆ ጫፍ ወደ ራሱ ግንድ ዞሯል፤ ዓሣው ቢውጠው እንኳ ክሩ ሲጎተት ከሆድ ተንሸራቶ ይወጣና የአፉ ጥግ ላይ ይያዛል። ሆድ ዕቃ አይበጥስም። አጥማጁም ልማዱን መተው አለበት፤ ዓሣው ሲነካ ዘንጉን በኃይል ከመንጠቅ ይልቅ ቀስ ብሎ መጠምጠም ነው። ሜሪላንድም ውኃው በሚሞቅበት በጁላይ ሁለተኛ አጋማሽ ለተወሰኑ ዓመታት ማጥመዱን ዘግታለች፤ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድንም ጭምር። የሞቀ ውኃ ኦክስጅኑ ያነሰ ነው፤ ታግሎ የደከመ ዓሣ እዚያ ትንፋሹን አይመልስም።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በውቅያኖሱ ዳርቻ የሚያዘው ርዝመቱ ከ71 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ከ79 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ብቻ ሆነ። ከታችም ከላይም ገደብ ማለት ነው። የድሮው ደንብ ትንሹን ምሮ ትልቁን ይሰጥ ነበር፤ የአጥማጅ ክብርም በትልቁ ላይ የቆመ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ነው። ግን በዚህ ዓሣ ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴቷ በገዘፈች ቁጥር የምትጥለው እንቁላል ይበዛል። ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን ላለመንካት የሚታገለው ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጥልቁ ዓሣ ዕጣ ነው። የሎውአይ ሮክፊሽ የሚባለው ብርቱካንማ ቀይ ዓሣ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ለመራባት እስኪደርስ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ይፈጅበታል። በአየር የተሞላ ከረጢት በሆዱ ውስጥ አለው፤ ከጥልቀት በፍጥነት ሲጎተት የውኃው ግፊት ስለሚቀንስ ከረጢቱ ይነፋል። ጀልባው ጎን ሲደርስ ዓይኖቹ ወጥተው፣ ሆዱ ተወጥሮ፣ የጨጓራው ግድግዳ በአፉ በኩል ተገልብጦ ይታያል። ቢለቁት ይንሳፈፋል፤ ወደ ታች መውረድ አይችልም፤ የባሕር ወፍ ይጨርሰዋል። እንዲህ የሚሞተው ዓሣ ከአድዋ ድል ማግሥት ገደማ የተወለደ ሊሆን ይችላል። የፑጀት ሳውንድ የሎውአይ በ2010 በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት ስጋት ያንዣበበባቸው ፍጥረታት መዝገብ ገባ። ዛሬ በዋሽንግተን የታች ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ አንድ መሣሪያ መያዝ አለበት፤ የዓሣውን ከንፈር ቆንጥጦ በክብደት ወደ ታች ይዞት ይወርድና እዚያ ይለቀዋል። ግፊቱ ሲመለስ ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። መልቀቅ ማለት እጅን መክፈት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የወሰዱትን ካወጡበት ቦታ ድረስ ማድረስም አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሞትን ይቆጥራል። ሕመምንስ? በ2003 በስኮትላንድ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በትራውት ከንፈር ላይ የንብ መርዝና አሴቲክ አሲድ ወጉ። ዓሦቹ ምግብ ተዉ፤ አካላቸውን ከወዲያ ወዲህ አወዛወዙ፤ አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን በጠጠሩ ላይ ፈተጉ። ይህ ስሜት ነው ወይስ ስሜት የሌለው ምላሽ በሚለው ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ስዊዘርላንድ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ከ2009 ወዲህ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድ እዚያ ክልክል ነው። በጀርመንም የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ እንስሳን ለማሠቃየት በቂ ምክንያት ስለሚጠይቅ፣ ዓሣ ለመብል ይያዛል እንጂ ለጨዋታ ተይዞ አይለቀቅም።

እንግዲህ አሜሪካዊው ለቅቆ የሚመሰገንበት ድርጊት በስዊዘርላንድ ያስቀጣል። አንዱ ዝርያው እንዳይጠፋ ይቆጥራል፤ ሌላው ይህች አንዲት ዓሣ እንዳትሠቃይ። ሁለቱም ሕግ ለዓሣው ያስባል፤ ሁለቱም የሌላውን ጭካኔ ማየት ይችላል፣ የራሱን ግን በደንብ አያይም። ይህ ጸሐፊ ወደ ስዊዞቹ ያደላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። መጠኑ ያልደረሰ፣ ወይም ከመጠን ያለፈች ዓሣ ሳይታሰብ ስትያዝ መልቀቅ ግድ ነው። ከጥዋት እስከ ማታ ሃምሳ ይዞ ሃምሳ የለቀቀ ሰው ግን «ምንም አልወሰድኩም» ሲል በአሥራ አምስቱ ሕግ ሚዛን ዋሽቷል። በ9 በመቶ ሒሳብ እንኳ አራት አምስት ገድሏል። ሁለት ይዞ፣ ሁለቱን በልቶ፣ ዘንጉን ጠቅልሎ የገባው ጎረቤቱ ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ የሚቀረው ጥያቄ ደስታው ነው፤ ማቆም ማለት የቀረውን ቀን ያለ ዘንግ መቀመጥ ነውና። ሰዉ ወደ ወንዝ የሚሄደው ዓሣ ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሱቅ ይቀርበው ነበር።

ሰውየው ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላም የሚገድል መሣሪያ አለ። በፑጀት ሳውንድ ለሸርጣን ከሚጣሉት የሽቦ ወጥመዶች በየዓመቱ 12,000 ያህሉ ገመዳቸው ተቆርጦ ወይም ጀልባ መትቷቸው እንደሚጠፉ ይገመታል። የጠፋው ወጥመድ አይተኛም፤ የገባ ሸርጣን ይራባል፣ ይሞታል፣ ሬሳው ሌላውን ይጠራል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ርካሽ ነው፦ የወጥመዱ መውጫ ባልተነከረ የጥጥ ገመድ መታሰር አለበት። ጥጡ በባሕር ውስጥ ይበሰብሳል፤ በሩ በራሱ ይከፈታል። ሰውን ስለማያምን ገመዱን ያመነ ሕግ።

ኦይስተርም አለ። በፑጀት ሳውንድ አንድ ሰው በቀን 18 መውሰድ ይችላል፤ እዚያው ዳርቻው ላይ ፈልቅቆ ሥጋውን ብቻ ይዞ መሄድ፣ ዛጎሉን ከወሰደበት ከፍታ ላይ መተው አለበት። የኦይስተር ጫጩቶች ተንሳፍፈው ኖረው ጠንካራ ነገር ፈልገው ይጣበቃሉ፤ ከሁሉ የሚመርጡት የቀደሙ ኦይስተሮችን ዛጎል ነው። ባዶ የሚመስለው ዛጎል ላይ በርከት ያሉ ሕፃናት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በዚያው ዳርቻ ሌሎቹን ክላሞች የሚቆፍር ሰው ጉድጓዱን መድፈን አለበት፤ ያልተደፈነው ጉድጓድ አጠገብ የተከመረው አሸዋ የጎረቤቶቹን መተንፈሻ ያፍናል፣ የተገለጡትንም ፀሐይና ወፍ ያገኛቸዋል። ይህም ያው ቁጥር ነው፤ ያልተነኩት ግን የሞቱት።

ለአብዛኛው የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ክላምና ኦይስተር ምግብ አይደሉም። በሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ባሕሩ ከደጃቸው ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመኑ ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት በዘሌዋውያን 11 መሠረት አይበላም፤ ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። በእኛ ባህል ገደቡ በዓይነትና በቀን ነው የሚወጣው፤ ይህን አትብላ፣ በዚህ ቀን አትብላ። ስንት የሚል ጥያቄ የለበትም። የተፈቀደው ዓሣ በተፈቀደው ቀን ቁጥር የለውም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በጣና ታይቷል። ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይቋጭ የዓሣ ገበያው በጾም ይደራል፤ ከብቱን የሚያሳርፍ ጾም ሸክሙን ሐይቁ ላይ ያወርዳል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተዋልደው 17 ዓይነት የሆኑት፣ ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ጉማራን፣ ርብንና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ መረቡም እንቁላል ሊጥሉ በተሰበሰቡበት በወንዞቹ አፍ ላይ ተዘረጋ። በ1990ዎቹ፣ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ፣ የደረሱት ባርበሶች በ75 በመቶ፣ ጫጩቶቹ በ90 በመቶ ቀነሱ። መረቡ ቢያንስ የያዘውን ይዞ ይወጣል። ወንዝ ላይ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚበትነው ሰውስ? የዱቄቱ መርዝ የዓሣውን ትንፋሽ ይመታል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም ይንሳፈፋል። ሰውየው የሚፈልገውን ለቅሞ ይሄዳል፤ የቀረውን ውኃው ይወስደዋል። በቅርጫቱ ያለው ስምንት ቢሆን፣ ወንዙ የሚቆጥረው ስንት እንደሆነ ለማየት የሚቆም የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፎታል፤ አዋጅ ግን ወንዝ ዳር ለወረደ ሰው ምክንያቱን ካልነገረው ከተቆጣጣሪ ደሞዝ አይረዝምም።

የአሜሪካኑን ደንብ እንዲህ ማድነቅ አንድ ነገር ሊያስረሳ ይችላል። ያ ዳርቻ ባለቤት ነበረው፤ አለውም። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ መሬታቸውን ሲለቁ በለመዱበት ቦታ የማጥመድ መብታቸውን በውል አስቀርተው ነበር። ውሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጣስ ኖሮ በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት በዓሣ ላይ፣ በ1994 ዳኛ ኤድዋርድ ራፊዲ በዛጎል ላይ ሊወሰድ ከሚችለው ግማሹ የእነሱ እንደሆነ ፈረዱ። የመዝናኛ ቆፋሪው 15 ክላም የሚወጣው ከቀረው ድርሻ ነው። መጀመሪያ የማን እንደሆነ ያልተጠየቀ ቁጥር ትክክል ሆኖ እንኳ ግፍ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ዓመት በፍርድ ቤት የተከራከሩት ይህን ያውቃሉ።

የሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ከመቀነስ ሌላ ሒሳብ ያውቁ ነበር። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በኳድራ ደሴት፣ ባሕሩ እስከ መጨረሻ ሲሸሽ ብቻ የሚታዩ የድንጋይ ካቦች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከ3,500 ዓመታት በፊት የተጀመሩ ናቸው። ካቡ ከኋላው አሸዋና ጠጠር ይሰበስባል፤ ቁልቁለቱ ወደ ደልዳላ እርከን ይለወጣል፤ ለክላም የሚመቸው ከፍታ ይሰፋል። ተመራማሪዎች ከካብ ውጭ ካለው ዳርቻ ጋር ሲያነጻጽሩ በእርከኑ ላይ ያለው የክላም ብዛት በአንዱ ዓይነት አራት እጥፍ፣ በሌላው እጥፍ ሆኖ አገኙት። የሰው እጅ ባሕሩን አበልጽጎታል ማለት ነው፤ ተፈጥሮ የሚጠበቀው ሰው ሲርቅ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች የማይመች ግኝት ነው። በ2022 በዋሽንግተን ግዛት የስዊኖሚሽ ሕዝብ በኪኬት ደሴት አዲስ ካብ ሠራ፤ በአሜሪካ በዘመናችን የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። አሸዋው እስኪሞላ፣ ክላሙም እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ለመዝናናት የሚቆፍር ሰው ከመንግሥት የሚገዛው ፈቃድ ግን ጉድጓድ ከመድፈንና ዛጎል ከመተው ያለፈ ሥራ እስከ ዛሬ አይጠይቀውም።